ናጋ ተብሎ የተሞላው ፎርም

ሮተርዳም ወደብ
ሐምሌ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ዋቅቶላ ቦሩ
ነገሌ ቦረና

የናፍቆት ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ እደጅዎ ይድረስ። እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ እንዴት ነው? እኔ የእህትዎ የጠጂቱ ልጅ ገልገሎ፣ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። እናቴን ስለ እኔ ጉልበቷን ይሳሙልኝ።

ባለፈው ደብዳቤዎ “አሁንም ያንን ዓሣ ትበላለህ ወይ?” ብለው ጠይቀውኛል። እበላለሁ አጎቴ። ስምንት ዓመት መርከብ ላይ ኖሮ ዓሣ የማይበላ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ካፒቴን ሆኗል። ለሽማግሌዎቹ ግን አይንገሩብኝ፤ ስመለስ፣ ዓሣ የነካ አፍ ነው ብለው በወተት ዕቃቸው የሚያጠጣኝ ሰው አላገኝም።

ሰኔ ላይ አሰብ ገብተን ነበር። ማሽን አራግፈን ቡናና ቆዳ ጫንን። ቆዳው ከደቡብ የመጣ፣ በጨው የደረቀ ነው። ሌሎቹ መርከበኞች አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ እኔ ወደ ታች ወርጄ ከክምሩ ጎን ተቀመጥኩ። አለቃዬ “ታመሃል እንዴ?” አለኝ። ምን ልበለው? የበረታችን ሽታ ነው የመጣብኝ። እናቴ የወተት ዕቃውን በጭስ ስታጥን፣ ጥጃዎቹ ሲጮኹ፣ እርስዎ እሁድ እሁድ ለስብከት ሰማያዊ ኮትዎን ለብሰው በዚያ ቀይ አፈር ላይ ከሩቅ ሲመጡ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝና አለቀስኩ። ያ ቆዳ ዛሬ እዚህ ወረደ። ጣሊያን ተወስዶ ጫማ ይሆናል አሉ። አገር ቤት ያለ ዘመድ የምሸኝ ይመስል እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አየሁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የምሠራበት ሄልስታድ የሚባለው የመርከብ ኩባንያ ሰማንያ ዓመት ሞላው። ባለቤቶቹ፣ ለዚህ የበቃነው በመርከበኞቹ ጉልበት ነው ብለው፣ በየዓመቱ የአንድ መርከበኛ የትውልድ መንደር እየመረጡ የጎደለውን አንድ ነገር ሊሠሩለት ወሰኑ። ለአንዱ ትምህርት ቤት፣ ለአንዱ ክሊኒክ። እኔ ሊበን ያለውን መንደራችንን አስመዘገብኩ። የጠየቅሁት የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በፊልቱ በኩል ያሉ ሰዎች ብርካ የሚሉት ዓይነት ነው፤ በሲሚንቶ ተሠርቶ የዝናቡን ውሃ እስከ በጋ ያቆያል። እናቴ ጀሪካን አዝላ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምትመለስበት መንገድ እንዲቀርላት ነው የምፈልገው። ሌላ ምኞት የለኝም።

ፎርሙ በአማርኛ ተተርጉሞ ከዚህ ጋር ታሽጓል። የሚሞሉት የመንደሩ ሽማግሌዎች እንጂ መርከበኛው አይደለም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ሞልታችሁ በቀጥታ አሰብ ላለው የኩባንያው ወኪል ቢሮ ላኩት። የቢሮው ጸሐፊ ቡርቱካን ትባላለች፤ ነገሌ ጦር ካምፕ ውስጥ ያደገች የወታደር ልጅ ናት፣ አገራችንን ታውቃለች።

ያዘዙኝን መነጽር ገዝቻለሁ። አስተማማኝ ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ
ገልገሎ ዲባ


ነገሌ ቦረና
ጥቅምት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለገልገሎ ዲባ
ባለህበት ባሕር

የሰማይና የጥልቁ ጌታ ጥላውን አይንሳህ። ልጄ ናጋ? መርከባችሁ ናጋ? ባሕሩ ናጋ? ካፒቴናችሁ ናጋ? እኛ ናጋ ነን፣ ሰላም ነን። ሰውም፣ ከብቱም፣ መንደሩም ናጋ ነው።

ፎርሙ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከተማ ተቀምጦ አይሞላም ብዬ፣ በኤን ትሬ የጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሊበን ወረድኩ። አቧራው ሰማያዊውን ኮቴን ቀይ አድርጎት ነበርና እናትህ ስታየኝ “ይህ ደግሞ የማን ኮርማ ነው?” አለች። ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። እኔ አማርኛውን በኦሮምኛ እያነበብኩ እነሱ ይመልሱ ጀመር።

“ውሃችሁ እንዴት ነው?” ይላል ወረቀቱ።

“ናጋ” አለ ጣዲቻ፣ ትልቁ ሽማግሌ እሱ ነውና።

“ከብቶቻችሁስ?”

“ናጋ።”

“ልጆቻችሁ ጤንነታቸው እንዴት ነው?”

“ናጋ።”

ወረቀቱ ከውሃ ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ግጦሽ እያለ አንድም ሳይዘል አሥራ ስምንት ጊዜ ጠየቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዋቆ በጣም ተገርሞ “እነዚህ ነጮች አሳዳጊ አላቸው፤ የነገሌ ልጆች እንኳ ዛሬ እንዲህ አድርገው ሰላም አይሉም” አለ። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ፣ አንድ ቦታ ላይ ብዕሬን አቁሜ “ሽማግሌዎች፣ ሰዎቹ የጠየቁት የጎደለንን እንድንነግራቸው ይመስለኛል” ብዬ ነበር። ጣዲቻ ተቆጣኝ። “ገና ወተት ላላጠጣነው እንግዳ ጉድለታችንን ልንዘረዝር ነው? መጀመሪያ ሰላም ብሎናል፣ ሰላም እንበለው። ሲመጣ አስቀምጠን እንነግረዋለን።” እውነቱን ነው ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ “ተጨማሪ አስተያየት” የሚል ባዶ ቦታ ስላለ፣ እኛም በተራችን የኩባንያውን ሰላም፣ የመርከቦቹን ሰላም፣ የባለቤቶቹን ልጆች ሰላም ጠየቅን። ያኮራህ ይመስለኛል።

እናትህ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። “ልጄን ስለሚያበሉት ይባረኩ በልልኝ” አለች፤ እሱንም ጻፍኩት። ለአንተ ደግሞ “ዓሣውንም ይብላ፣ እኔ አልቆጣም፤ ብቻ አጥንቱን እየለቀመ” ብላሃለች።

መነጽሩን አትርሳ። ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱሱን የማነበው በልምድ ነው እንጂ ፊደሉ አይታየኝም።

አጎትህ ዋቅቶላ ቦሩ


ቦምቤይ
ሚያዝያ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንደምን ከረሙ? ጌታ ይመስገን፣ እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። በልቤ ግን ተቆጥቻለሁ፤ እርስዎን መቆጣት ስለማልችል በማን ላይ እንደምወጣው አላወቅሁም።

የኩባንያው ውሳኔ መጣ። ስለ መንደራችን የተጻፈው ሁለት መስመር ነው። “በአካባቢው ምንም የጎደለ ነገር የለም። ነዋሪዎቹ በሁሉም ነገር ደስተኞች መሆናቸውን በራሳቸው እጅ አረጋግጠዋል።” የዘንድሮው ስጦታ ለፊሊፒናዊው ወጥ ቤታችን መንደር ደረሰ፤ ድልድይ ይሠራላቸዋል። ሰውየው ደስ ብሎት ለመርከቡ ሁሉ ኬክ ጋገረ። እኔም በላሁ። ምን ላድርግ? አልበላም ብል ቀና ይሉኛል።

ቡርቱካን ከአሰብ ጽፋልኝ ነበር። ፎርማችሁን ስታነብ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች። ነገሌ ያደገች ናትና ገብቷታል። ለአለቃዋ “እነዚህ ሰዎች ሰላምታ ነው የመለሱት” ብላ ብታስረዳው፣ “ወረቀት ላይ ያለው ነው የሚሠራው” አላት።

አጎቴ፣ አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የእርስዎን ደብዳቤዎች ሁሉ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሁሉም ናጋ ይላሉ። ከብቱ ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ። ሳነባቸው እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ግን አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ ከዚህ ውስጥ ሰላምታው የቱ ነው፣ ወሬው የቱ ነው እያልኩ አነባለሁ። መርከቡ ላይ ሬዲዮ አለ። በሰሜን በኩል ስለ ድርቅ ይወራል። ስለ እኛ በኩል የሚናገር የለም። ዝናብ ጥሏል ወይ? ጉድጓዱስ አለ?

ተረኛ ስሆን፣ ገመድ ስንጎትት፣ የውሃ ጉድጓዳችን ዜማ ይመጣብኛል። ሰዎቹ ከታች እስከ ላይ በመሰላሉ ተደርድረው፣ ባልዲውን እየተቀባበሉ፣ ከሥር ያለው ሲያወጣ ከላይ ያለው ሲቀበለው። በዚያ ዜማ ስጎትት አይደክመኝም። ሕንዳዊው ጓደኛዬ ዜማውን ለምዶ አብሮኝ ያዜማል፤ ስለ ከብት ውሃ መጠጣት እንደሆነ አያውቅም። እንዲያው እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ከሰዓት ብቀመጥ የዚህን ዓለም ወደብ ሁሉ እለውጥ ነበር።

እውነቱን ይጻፉልኝ። እናቴ ምን አለች?

አክባሪዎ ገልገሎ


ነገሌ ቦረና
ጥር 28 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለገልገሎ

በምድርም በባሕርም እጁን የማያነሣ አምላክ ይጠብቅህ።

ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶኛል። ፖስታ ቤቱን አትማው፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቼ አስቀምጫለሁ።

ስለ ፎርሙ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽማግሌዎቹ በሥርዓታቸው መለሱ፤ የሁለቱንም ወገን ልማድ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ አጥብቄ አልነገርኳቸውም። ጣዲቻ ስለ ድልድዩ ስነግረው “ድልድይ? ውሃ ኖሯቸው ነው የሚሻገሩት?” አለኝ። ግን ልጄ፣ ናጋ የምንለው ለማታለል አይደለም። ክፉ ነገር ያገኘው ሰው እንኳ መጀመሪያ የሰውን ሰላም ይጠይቃል፣ የእሱም ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሸክሙን የሚያወርደው። እኔ ሃያ ዓመት ወንጌል ሳስተምር፣ ሙሉውን ሰላምታ ሳልጨርስ ለማንም ቃል ተናግሬ አላውቅም። ያንን ለምደን ለወረቀትም አደረግነው።

ጠይቀሃልና ልንገርህ። የጥቅምቱ ዝናብ አልጣለም። ከብቱ ቀንሷል። ጉድጓዱ አለ፤ ውሃው ግን ወርዷል፤ የሚቀባበሉት ሰዎች በዝተዋል፣ የሚያወጡት ግን ትንሽ ነው። የጸሎት ቤታችን መንግሥት እንዳሸገው ነው። እኔ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ሌላውን ስንገናኝ።

መነጽሩን አትላክ። ብዙም የማነበው የለኝም። ይልቅስ መርከባችሁ አሰብ የምትገባበትን ወር ጻፍልኝ።

አጎትህ ዋቅቶላ


አሰብ
መጋቢት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ከአገሬ ምድር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልዎት፤ ስለዚህ ሰላምታዬ ሞቅ ያለ ይሁን። እንዴት ነዎት?

ስንዴ ጭነን መጣን። የእርዳታ ስንዴ ነው። ወደቡ በመርከብ ተጨናንቆ አሥራ አንድ ቀን ውጭ ቆመን ተራ ጠበቅን። ጆንያውን ስናወርድ፣ ከዚህ ውስጥ አንዱ ሊበን ይደርስ ይሆን እያልኩ ነበር። ነገሌ ደርሼ ልመለስ ብዬ ካፒቴኑን ለመንኩት። መርከቢቱ በአራት ቀን ትነሣለች፤ መንገዱ ለመሄድ ብቻ ስድስት ቀን ነው። አገሬ ገብቼ አገሬ ሳልደርስ ልመለስ ነው።

ደስ የሚል ነገር ግን አለ። ቡርቱካን አልተወችም። የኩባንያው ሰው ለጉብኝት ሲመጣ የእናንተን ፎርም አውጥታ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችው። ሰውየው ስቆ፣ ቀጥሎ አፍሮ፣ መንደራችን ዘንድሮ እንደገና እንዲቀርብ ፈቀደ። በዚህ ላይ የሚተረጉመው እኔ እንድሆን ፈቅደውልኛል። ስለዚህ ይህኛው ፎርም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ሰኔ አጋማሽ ላይ እዚሁ አሰብ እንመለሳለን። ያኔ ካልደረሰልኝ ሌላ ዕድል የለንም።

አጎቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። እያንዳንዱን መስመር በእውነት ሙሉልኝ። ስንት ከብት ሞተ? ውሃው ምን ያህል ይርቃል? ማን ታመመ? አሥራ አራተኛው ጥያቄ የመርከበኛውን ቤተሰብ በስም ጠርቶ፣ በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ምን እንደ ደረሰበት ይጠይቃል። እሱን በተለይ አይዝለሉት፤ ኩባንያው አጥብቆ የሚያየው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በጥር ወር በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ የእናቴ ቃል የለም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኝ ነበር። ሊበን ሳይወርዱ ጽፈውት ይሆናል።

ፎርሙን የሚያደርስልዎት ወደ ነገሌ ካምፕ የሚመለስ የጦር መኪና ሾፌር ነው። መነጽሩንም ሰጥቼዋለሁ። አትላክ ቢሉኝም ልኬዋለሁ።

ገልገሎ


ነገሌ ቦረና
ግንቦት 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለገልገሎ

ኃይልና መጽናናት የእሱ የሆነ አምላክ ከአንተ ጋር ይሁን።

መነጽሩ ልክ ሆነልኝ። ፎርሙን ያነበብኩት በእሱ ነው።

እንደገና ግራሩ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ የመጡት በእግር ነው፤ አንዳንዶቹ ከሄዱበት ሰፈር ሁለት ቀን ተጉዘው። የአንተን ልመና ነገርኳቸው። ጣዲቻ እምቢ አለ። “ለማላውቀው ሰው ‘ርቦኛል’ ብዬ ልጀምር? እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፤ አፌ አይፈታልኝም።” አብዱባ የሚባለው ጎረቤታችሁ ተነሥቶ ሊሄድ ነበር። ነገሩን ያበረደው ዋቆ ነው። “ወረቀቱ ሁለት ፊት አለው” አለ። “በዚህኛው ፊት ናጋ እንበል። እንደ ወጉ ሰላም ተባብለን እንጨርስ። ከዚያ እንገልብጠውና ወሬውን እንንገረው።” ሁሉም ተስማሙ። በፊት ለፊቱ አሥራ ስምንቱንም ናጋ ብለን ሞላን። ከዚያ ገለበጥኩት።

ልጄ፣ ሲጀምሩ አላቆሙም። ብዕሬ አልደርስባቸው አለ። ጣዲቻ በዕድሜው ከብቱን ለሰው ቆጥሮ አያውቅም፤ ነውር ነው። ስንት ቀረልህ ስለው ሁለት ጣቱን ብቻ አሳየኝና እጁን በጋቢው ሸፈነ። ውሃው ምን ያህል ይርቃል ለሚለው፣ በጨለማ የወጣ ሰው በጨለማ ይመለሳል ብለን ጻፍን። አሥራ አራተኛው ላይ ስንደርስ ግን አቆሙ። እሱን ለብቻዬ ሞልቼዋለሁ።

ይህ ወረቀት ግን በፖስታ አይሄድም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ፖስታ ቤቱ ሊጥለው ይችላል። ደግሞ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ አንተ ስንት ዓመት የጻፍክልኝን ባሕር ልየው። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሰጥቶኛል። አዲስ አበባ በአቶ ከተማ ቤት አርፌ፣ ወደ አሰብ የሚሄድ መኪና ሳገኝ እነሣለሁ። አቶ ከተማ ድሮ እዚህ ያስተምር የነበረው ነው፤ ብትጽፍልኝ በእሱ አድራሻ ይደርሰኛል።

አሰብ ስትገባ መርከብ ላይ አትደር፤ ከተማ ውስጥ ቤት ፈልገህ እደር። ቡርቱካን ያቺ ደግ ልጅ ከቤተሰቦቿ ጋር አጠገብህ ትሁን። ያን ቀን ሥራ አትግባ። ማታ በደንብ ራትህን ብላና ተኛ። እኔ በማለዳ እመጣለሁ።

አጎትህ ዋቅቶላ


አሰብ
ሰኔ 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ዋቅቶላ ቦሩ
በአቶ ከተማ ቤት፣ አዲስ አበባ

አጎቴ፣ እንደምን ደረሱ? መንገዱ አልጎዳዎትም?

መርከቢቱ ትናንት ገባች። ደብዳቤዎን ያገኘሁት ቡርቱካን እጅ ላይ ነው። አንብቤ ሰጠኋት፤ አነበበችው፤ ቀና ብለን አልተያየንም።

ወረቀት ለማድረስ ብሎ ከነገሌ አሰብ የሚመጣ ሰው የለም። እናቴ ሞታለች። መቼ እንደሆነ፣ በምን እንደሆነ አላውቅም፤ ደብዳቤዎ በዘገየበት በዚያ ጊዜ ይመስለኛል። እርስዎ በደብዳቤ አይነገርም ብለው ለብቻዎ ተሸክመውት ከረሙ። እኔም በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ሲንጋፖር ወደብ ላይ ጫማ ልግዛላት ብዬ ስመርጥ ውያለሁ። ልኳን ስለማላውቅ ሳልገዛ ቀረሁ።

አይምጡ አልልዎትም። ይምጡ። የሰባት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶኛል። ቡርቱካን እናቷ ቤት አልጋ አዘጋጅታልኛለች፤ ራቴን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በማለዳም እጠብቅዎታለሁ። ፎርሙን ከእርስዎ ጋር ተቀምጬ እተረጉማለሁ። አሥራ አራተኛውንም በእጄ እጽፈዋለሁ። ጣዲቻ ጣቱን አሳይቶ እኔ ስሟን መጻፍ አያቅተኝም። ውሃውን ይሰጡናል። እሷ ባትቀዳውም አብዱባና ልጆቹ ይቀዱታል።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በናጋ ተቆጥቼ ጽፌልዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። በሩን ሲያንኳኩና ስከፍት ቶሎ ብለው አይንገሩኝ። እንደ አገራችን እንቁም። እርስዎ ባሕሩን ይጠይቁኝ፣ መርከቡን ይጠይቁኝ፤ እኔም መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ጣዲቻን፣ ዋቆን አንድ በአንድ ልጠይቅዎት፤ አንድም አንዝለል። እሷን መጨረሻ ላይ እጠይቃለሁ። “እናቴስ?” ስልዎት፣ እንደ ወጉ ናጋ ይበሉኝ። ከዚያ በኋላ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ገልገሎ